በጤናዬ ስም የተመዘገበ

ማክሰኞ ጠዋት ፋኢዛ የልብስ ሱቋን ስትከፍት ከጎረቤቷ ከሊዲ የጥልፍ ቤት የሚወጣው ድምፅ አላማራትም። የሊዲ ማሽን ሲሠራ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ያን ጠዋት ግን ጥልፉ ቆሞ ማሽኑ ብቻ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ክር ሲበጠስበት የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሊዲ ደግሞ ያንን ድምፅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አስጩኻው አታውቅም። ፋኢዛ የብረት በሩን አንኳኳች፣ ስሟን ጠራች። መልስ ስታጣ ጎንበስ ብላ በሩን ወደ ላይ ገፋችው። አልተቆለፈም ነበር።

ኢንስፔክተር ጉዲቱ ስትደርስ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ በባጃጅና በሰው ተጨናንቋል። ጉዲቱ በአዳማ ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቃሏ አጭር ነው፤ ሰው ሲያወራ ዓይኗን አትነቅልም። ረዳቷ ሳጅን ሰንበታ ሰዉን ወደ ኋላ እየመለሰ አስገባት።

ሟቿ በማሽኑና በግድግዳው መካከል በጎኗ ወድቃለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። አንገቷ ላይ የካውያ ገመድ ተጠምጥሟል። ግራ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የሚደርስ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ማሽኑ ላይ ወይን ጠጅ የሙሽራ ካባ እንደተወጠረ ነው፤ የወርቅ ክሩ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

“ሌብነት አይመስልም” አለ ሰንበታ። “መሳቢያው እንዳለ ነው። የጆሮዋ ወርቅም አልተነካም። የጎደለው ስልኳ ብቻ ነው።”

“መታወቂያስ?”

“የለም። ሰፈሩ ሊዲ ይላታል። የአባቷን ስም የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም።”

ጉዲቱ ጓንት አጥልቃ ከማሽኑ ጋር የተያያዘውን ላፕቶፕ ነካ ስታደርገው ስክሪኑ በራ። የካባው ንድፍ መጣ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መስመር አለ፤ ተጠግታ አነበበችው።

“ይህ ሶፍትዌር የተመዘገበው በወ/ሮ ጤናዬ ፈይሳ ስም ነው።”

ከስሙ ጎን የመታወቂያ ፎቶ ነበር። ጉዲቱ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀችውን ሴት። አንድ ሰው ናቸው። የተመዘገበበት ቀን ያለፈው ሐሙስ ነው።

ፋኢዛ ሱቋ ውስጥ፣ በተሰቀሉት ቀሚሶች መሀል ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣብቃለች።

“ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች” አለች። “ልብስ ስፌት እኔ ጋ ጀመረች። መታወቂያዬ ጠፍቷል ስላለችኝ ሱቁን በእኔ ስም ተከራየሁላት። ክንዷን አይቼዋለሁ። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። እንደዚያ ያለ ነገር ይጠየቃል?”

“ትላንት መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት?”

“በዓይኔ ያየኋት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ማሽኗ ይሠራል፣ በሩ ተዘግቷል። ሁልጊዜም በሯን ዘግታ ነው የምትሠራው። አንድ ሰዓት ላይ ስዘጋ አሁንም ይሠራ ነበር። ደህና እደሪ ብያት ሄድኩ፤ በማሽኑ ጩኸት አልሰማችኝ ይሆናል፣ አልመለሰችልኝም።”

“ሰው አልመጣባትም?”

“አስር ተኩል አካባቢ አንድ ቀጭን ልጅ መጣ፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ። ቆሞ አንኳኳ፣ አንኳኳ። ሲሰለቸው ሄደ።” ፋኢዛ ትንሽ አሰበች። “ደግሞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በስልክ ስትጣላ ሰምቻለሁ። ‘ስሜን አጥፉልኝ’ ትላለች። ‘ከዚያ ላይ አውጡኝ፣ እባካችሁ’ እያለች ትለምናለች። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ረቡዕ ይቺን ካባ ካስረከብኩ በኋላ አዳማን እለቃለሁ አለችኝ። ወዴት ብላት፣ ባታውቂው ይሻልሻል አለች።”

“ማንን ነበር የምትለምነው?”

“የወንድ ጉዳይ መስሎኝ ዝም አልኩ” አለች ፋኢዛ፤ አንገቷንም ደፋች።

የአስከሬን ምርመራው ብዙ አልረዳም። ሐኪሙ ታንቃ መሞቷን አረጋገጠ፤ ሰዓቱን ግን ከሰኞ ስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ክፍት ተወው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በተዘጋ ቤት፣ በዚያ ሙቀት ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም አለ። ሰንበታ ግን ችግር አልታየውም። ማሽኑ እስከ አንድ ሰዓት ከሠራ ሴትዮዋም እስከ አንድ ሰዓት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ጉዲቱም ለጊዜው በዚሁ ተስማማች።

ረቡዕ ዕለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሟች የስልክ ዝርዝር መጣ። ከቅዳሜ ወዲህ ከአንድ ቁጥር ጋር አሥራ አንድ ጊዜ ተደዋውላለች። ባለቤቱ ኪሩ ይባላል፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግንና ሶፍትዌር የሚጭን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ሱቁ ሲገቡ ላብ በላብ ሆኖ ተነሳ።

“ሰኞ የት ነበርክ?” አለ ሰንበታ።

“ደራ። የአንድ ደንበኛ ማሽን ተበላሽቶ። ጠዋት ሄጄ የተመለስኩት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።” የደንበኛውን ስልክ ሰጣቸው። ሰንበታ ውጭ ወጥቶ ደወለና ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ስልክ ምንድነው?” አለችው ጉዲቱ።

ኪሩ ተመልሶ ተቀመጠ። “ሊዲ ለዓመታት የምትሠራው በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት በተቀዳ ሶፍትዌር ነበር። ባለፈው ሳምንት ቆመባት። የሰርግ ሰሞን ነው፣ ሥራ ተከምሮባታል። ስለዚህ ትክክለኛውን ገዛችና ሐሙስ ዕለት ሄጄ ጫንኩላት። ለማስጀመር ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱ የሚላከው ደግሞ ፎርሙን ስትሞዪ ነው። ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ ሱቁ ያለበት ሰፈር፣ የመታወቂያ ፎቶ።”

“ለጥልፍ?”

“ለጥልፍ። መጀመሪያ ሊዲ ብላ ጻፈች። አልቀበልም አላት፤ ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል አለበት። ማሽኑ ላይ ካባው ተወጥሯል፣ ባለሰርጓ በየሰዓቱ ትደውላለች። ብዙ አሰበችና ከሻንጣዋ ሥር መታወቂያ አወጣች። ያኔ ነው ስሟ ጤናዬ መሆኑን ያወቅኩት።” ኪሩ ጣቶቹን ተመለከተ። “ይሄን ማን ያየዋል አለችኝ። ማንም አያየውም፣ ኮምፒውተር ብቻ ነው አልኳት።”

ጉዲቱ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

“ቅዳሜ ደወለችልኝ። ከዚያ ላይ አስወጣኝ አለች። እኔ ምን አደርጋለሁ? ድርጅቱ ጋ ስደውል ለእኔም አልመለሱልኝም። ያ ሁሉ ስልክ ይሄው ነው።”

“ለምን እንደፈራች ነገረችህ?”

“አልነገረችኝም። ግን ፎርሙ የቅርብ ተጠሪ ይጠይቃል። ወንድሟን ነው የሞላችው። ለሚ ፈይሳ፣ መተሐራ።”

ሐሙስ ጠዋት ጉዲቱና ሰንበታ መተሐራ ሄዱ። ለሚ የሚሠራበት ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ያመላከቷቸውን ቤት ሲያንኳኩ የከፈተላቸው ግን ሌላ ሰው ነው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ለስላሳ።

“አካም ጅርቱ፣ ግቡ” አለ ወንበር እየሳበ። “አለማየሁ እባላለሁ። የፋብሪካው መካኒክ ነኝ። ለሚ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ የሚስቴ ወንድም ነው።”

“ሚስትህ ማን ትባላለች?”

“ጤናዬ። አራት ዓመት ሆናት ጥላኝ ከሄደች።”

ጉዲቱ መሞቷን ነገረችው። አለማየሁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

“የት ወድቃ እንደነበረች እንኳ አላውቅም ነበር” አለ።

“ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ።”

“የፈላ ዘይት ነው። ራሷ ላይ ደፋችው።”

“ሰኞ የት ነበርክ?”

“የማታ ፈረቃ ነበርኩ። ቀኑን እዚሁ ተኝቼ ዋልኩ።”

ፋብሪካው ሄደው መዝገቡን አዩ። ሠራተኛ የሚገባው በአሻራ ነው። የአለማየሁ አሻራ ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ተመዝግቧል፤ የወጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከመተሐራ አዳማ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሰንበታ ደብተሩ ላይ ስሙን ሰረዘው።

ለሚን ከፋብሪካው በር ላይ ጠሩት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ። እህቱ መሞቷን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከእህትህ ጋር ትገናኙ ነበር ወይ ሲሉት ግን፣ “አይ፣ ድምጿንም ሰምቼ አላውቅም” አለ። ቁጥሩ የሟች የስልክ ዝርዝር ላይ በየወሩ አለ። ቅዳሜ ጠዋትም አለ።

ይዘውት ወደ አዳማ ተመለሱ።

አርብ ጠዋት በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ለሚ የቀረበለትን ውሃ አልነካም።

“ዋሽቻለሁ” አለ። “አለማየሁ እንዳይሰማ ስል መዋሸት ለምዶብኝ ነው። እንደዋወል ነበር። የት እንዳለች ግን እኔው ራሴ አትንገሪኝ ብያታለሁ። ካላወቅኩ አላወጣም ብዬ።”

“ታዲያ ሰኞ ዕለት በሯ ላይ ምን ትሠራ ነበር?”

“አርብ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከሶፍትዌር ድርጅት። ‘ወ/ሮ ጤናዬ ፈይሳ በአዳማ የጥልፍ ሶፍትዌራችንን ሲያስመዘግቡ እርስዎን ተጠሪ አድርገዋል፤ ለማንኛውም ጥያቄ በዚህ ቁጥር ይደውሉ’ ይላል። ደነገጥኩና አጠፋሁት። ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ ነገርኳት። እሷም በጣም ደነገጠች። ሰፈሯን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ሰኞ ፈረቃ ስላልነበረኝ ዕቃዋን ላግዛት ብዬ ሄድኩ። ማሽኑ ይሠራል፣ እሷ አትከፍትም። ስልኳ ዝግ ነው። ተቀይማኛለች ብዬ መናኸሪያ ቁጭ አልኩ። መሸብኝ፣ በመጨረሻው መኪና ተመለስኩ።”

“እስከ ስንት ሰዓት መናኸሪያ ነበርክ?”

“እስከ አንድ ተኩል።”

“ማን አየህ?”

“ማንም።”

ሰንበታ የለሚን የራሱን የስልክ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አደረገ። “ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ለዚያው ድርጅት ደውለህ ስድስት ደቂቃ አውርተሃል። ምን ጠየቅካቸው?”

ለሚ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። “እኔ አልደወልኩም።”

“ከአንተ ስልክ ነው የተደወለው።”

“አልደወልኩም። ኦቦሌቲ ኮ ናት እኮ” አለ። “እህቴን ገደልክ ነው የምትሉኝ?”

ውጭ ሲወጡ ሰንበታ ጉዳዩ አልቋል የሚል መንፈስ ላይ ነበር። ልጁ በሯ ላይ ታይቷል፣ ዋሽቷል፣ ለምሽቱ ምስክር የለውም፣ ስልኩም አጋልጦታል። ጉዲቱ ግን መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች።

“አስር ተኩል ላይ ሲያንኳኳ አልመለሰችም” አለች። “አንድ ሰዓት ላይ ፋኢዛ ደህና እደሪ ስትላትም አልመለሰችም። በሁለቱም ጊዜ የተሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው። የእሷን ድምፅ የሰማ ሰው የለም።”

ለኪሩ ደወለች። ማሽኑ ያለ ሰው ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችው።

“አንዴ ከተነሳ ክር እስኪበጠስበት ድረስ ብቻውን ነው የሚሠራው” አለ ኪሩ። “ያ ካባ ብቻ አምስት ሰዓት ይፈጃል።”

የሶፍትዌሩ ድርጅት፣ የጥለት ፕላስ፣ ቢሮ በዋናው መንገድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ጥበቃ ታብሌት ዘርግቶ ስምና ስልክ እንዲያስገቡ፣ ፎቶም እንዲነሱ ጠየቃቸው። ጉዲቱ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አሳይታው አለፈች።

ሥራ አስኪያጁ ሚሊዮን ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ፈጣን ተናጋሪ ሰው ነው። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበው።

“በደረሰው ነገር በጣም አዝነናል” አለ። “ግን ደንበኛዋ በውሉ ተስማምተዋል። ‘እስማማለሁ’ የሚለውን ራሳቸው ናቸው የተጫኑት።”

“ስለ ውሉ አልጠየቅኩህም። ሰኞ ዕለት ሶፍትዌሩ ምን እንደላከላችሁ አሳየኝ።”

ሚሊዮን ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ደቂቃ በደቂቃ የተደረደረ ዝርዝር ነበር፦ መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው ንድፍ እንደተጫነ፣ ማሽኑ መቼ እንደተነሳ፣ የሰው እጅ ላፕቶፑን የነካው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ።

“ይህን ሁሉ ለምንድነው የምትሰበስቡት?”

“አንድ ቀን ይጠቅማል ብለን ነው” አለ።

ጉዲቱ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ካባው ሰኞ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ተነስቷል። እስከዚያ ድረስ እጅ ያልነካበት ደቂቃ የለም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ንክኪ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ ለአራት ሰዓት ከሩብ ማሽኑ ብቻውን ሠርቷል። ክር ተበጠሰ የሚል ማስጠንቀቂያ አንድ ሰዓት ከሰባት ላይ ሰጥቷል፤ የነካው የለም። ቀጣዩ ንክኪ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአራት ነው።

“እሱ እኔ ነኝ” አለች ጉዲቱ።

ሰንበታ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ ሲያነብ ቆየ። “ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው የሞተችው” አለ ቀስ ብሎ።

“አዎ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳማ የነበረ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መተሐራ ይደርሳል።” ወደ ሚሊዮን ዞረች። “ስልክ ትቀዳላችሁ?”

“ለአገልግሎት ጥራት ስንል…”

“የቅዳሜውን አምጣ።”

ስልኩን የተቀበለችው ሠራተኛ ተሻለች ትባላለች። ቅጂውን ይዛ ስትገባ ምን እንደተፈጠረ ሰምታ ነበር። መጀመሪያ የተከፈተው የቅዳሜ ረፋዱ ነው። የሟቿን ድምፅ ጉዲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ቀጭንና ቁጥብ ድምፅ ነው። ስሜን አጥፉልኝ እያለች ትለምናለች። ለማጥፋት በአካል መታወቂያ ይዘው መምጣት አለብዎት፣ ኃላፊው ማክሰኞ ነው የሚገባው፣ ይላል የተሻለች ድምፅ በትሕትና።

ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ የተቀዳ ነው። ወንድ ነው የደወለው። የባለቤቴ ሶፍትዌር አልሠራ ብሎ ነው፣ እኔ ራሴ መጥቼ ላሠራላት ነበር፣ ሱቋን ግን አላውቀውም፣ ይላል። ተሻለች ለማረጋገጥ ሦስት ጥያቄ አለኝ አለችው። የእናት ስም? ሰውየው መለሰ። የትውልድ ቦታ? ወንጂ። የትውልድ ቀን? እሱንም መለሰ።

“አመሰግናለሁ፣ ትክክል ነው” ይላል የተሻለች ድምፅ። “ሱቃቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ከልብስ ሱቁ ቀጥሎ ያለው ጥልፍ ቤት። ጠዋት ደግሞ ስማቸው እንዲጠፋ ጠይቀው ነበር። ስለሱም ነው የደወሉት?”

ሰውየው ትንሽ ቆየ። “አዎ” አለ። “ስለሱም ነው።”

ቅጂው አለቀ። ተሻለች በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። “ሦስቱንም መለሰ” አለች። “ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሦስቱንም ያለ ስህተት መለሰ።”

“ባል የማያውቀው ነገር አልጠየቅሽውም” አለች ጉዲቱ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ተሻለች ግን ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ጉዲቱ ለሚን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠራችው። ምንም ሳትነግረው ቅጂውን ከፈተችለት። “የባለቤቴ ሶፍትዌር” የሚለው ላይ ሲደርስ ለሚ ራሱን ቀና አደረገ። የእናቱ ስም ሲጠራ ዓይኑን ጨፈነ።

“ማነው?” አለችው።

“አለማየሁ ነው።”

“ከአንተ ስልክ ነው የደወለው።”

“ቅዳሜ ከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ። ወደ ማሽኖቹ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቤት ትቼው ነው የምሄደው፣ ቻርጅ ላይ ሰክቼ።” ለሚ የሚናገረውን ራሱ እየሰማ ዝግ እያለ ሄደ። “መልእክቱም አርብ ሲገባ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እኔ እየታጠብኩ ነበር። ከእኔ በፊት አይቶታል።”

የፋብሪካው መዝገብ ለሚ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ እንደነበረ አረጋገጠ። በዚያው ዕለት ለቀቁት። ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም፤ ወንጂ ወዳለች አክስቱ ሄደ።

አለማየሁን ቅዳሜ ጠዋት ጥገና ክፍል ውስጥ፣ የተፈታ ፓምፕ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኙት። ፖሊሶቹን ሲያይ አልተነሳም። እጁን በጨርቅ መጥረግ ቀጠለ። ሰንበታ የመሣሪያ ሳጥኑን ፈተሸው። የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ግራሶ በነካው ጨርቅ የተጠቀለለ የሴት ስልክ ወጣ።

“ሚስቴ ነች” አለ አለማየሁ። “አራት ዓመት ሙሉ ሰው ስቆብኛል። ላናግራት ነው የሄድኩት።”

“ለማናገር የሄደ ሰው ቀኑን ተኝቼ ዋልኩ አይልም” አለች ጉዲቱ።

አለማየሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

“በሯን ለማንም አትከፍትም ነበር። ለአንተ እንዴት ከፈተች?”

አለማየሁ ጨርቁን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። “ከሶፍትዌር ድርጅቱ ነው የመጣሁት አልኳት። ስምሽን ላጠፋልሽ ነው አልኳት። በማሽኑ ጩኸት ድምፄን አልለየችውም። ቶሎ ብላ ከፈተች።”

ሰንበታ ካቴናውን አወጣ።

“እኔ አይደለሁም ያገኘኋት” አለ፤ በካቴና ሲታሰር። “እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ።”

ጣቢያ ሲደርስ ቃሉን ሰጠ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ገደማ ገብቷል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በፊት ወደ መተሐራ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሯል። ጉዲቱ የድርጅቱን ነገር በተለየ ገጽ ጽፋ ለዐቃቤ ሕጉ አቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ ሲጨርስ ሟቿ በውሉ መስማማቷን አስታወሳት፤ ለጊዜው ክስ የሚመሠረተው በአለማየሁ ላይ ብቻ ነው አላት። ጉዲቱ ገጹን ከመዝገቡ ውስጥ አላወጣችውም።

ጤናዬን እሑድ ወንጂ ቀበሯት። ከአዳማ በሁለት ሚኒባስ የመጡት የሱቅ ጎረቤቶች ሊዲ እያሉ ያለቅሳሉ፤ የአገዳ ሠራተኛ ዘመዶቿ ጤናዬ እያሉ ያለቅሳሉ። ፋኢዛ ከሟቿ ዘመዶች መሀል ሆና በየትኛው ስም እንደምትጠራት ግራ ገብቷት ስሟን ሳትጠራ ታነባ ነበር።

ቀብሩ ሲያልቅ ለሚ ጉዲቱ ወደ ቆመችበት ዛፍ ሥር መጣ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለ። “ሰኞ አስር ተኩል ላይ ሳንኳኳ በሩ አልተቆለፈም ነበር አሉ። ገፋ ባደርገው ኖሮ…”

“አትደርስላትም ነበር። ካለፈች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗት ነበር።”

“ሊያጽናኑኝ ነው?”

“አይደለም። ሰውየው ቃሉን ሰጥቷል፣ ማሽኑም ሰዓቱን ይዟል። አንተ ስትደርስ አልነበረችም።”

ለሚ ራሱን ነቀነቀ። ከድንኳኑ በኩል ይጠሩታል፤ እሱ ግን አልሄደም።

“ስልኬንስ?” አለ። “ያን ቀን ስልኬን ቆልፌው ብሄድስ ኖሮ?”

ጉዲቱ መልስ ፈለገች። የመልእክቱን ሰዓት ታውቃለች፣ የስልኩን ስድስት ደቂቃ ታውቃለች፣ የመጨረሻዋን ንክኪ ታውቃለች። ለዚህ ግን በመዝገቡ ውስጥ ምንም አልነበራትም።

“አላውቅም፣ ለሚ” አለችው።

እጁን ያዘችው። አብረው ወደ ድንኳኑ ገቡ፤ እሷም ከሴቶቹ መሀል ቦታ አግኝታ ተቀመጠች።